«የ5 ዓመት ሰርቫይቫል» ምንድን ነው? የሞት ቀጠሮ አይደለም

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ ማራኪ በባጃጅ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ስልክ ያወሩ ነበር። «አንጀቱ ላይ ነው አሉን። ኦፕራሲዮን ሆኖም 5 ዓመት ነው የሰጡት» ይላሉ። አፌ ድረስ መጣ። ግን በማላውቀው ሰው ሐዘን መሀል ገብቼ ስለ ስታቲስቲክስ ላስተምር? ዝም አልኩ። ማታ ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ያንኑ ነገር በሙሉ ልብ ጽፎት አየሁ፦ የአንጀት ካንሰር የያዘው ሰው ቢታከምም ቢበዛ 5 ዓመት ነው፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ያመኑት ነው ይላል። ለእናት ዝም ብያለሁ። ለዚህኛው ግን አልችልም።

ቀዶ ሐኪም አይደለሁም። እንጀራዬ የታካሚዎችን መረጃ መቁጠር ነው፤ ስለዚህ የምናደደውም በቁጥር ነው።

ነገሩ ይኸው ነው። በሽታው ከታወቀላቸው 100 ሰዎች 5 ዓመት ሲሞላ ስንቱ በሕይወት አለ? ይኼ ነው የ5 ዓመት ሰርቫይቫል። መልሱ የሰው ብዛት ነው፣ የዓመት ብዛት አይደለም። 5 ዓመቱ የምንቆጥርበት ቀን ነው።

እናቴ አዘዞ ዶሮ ታረባለች። ሰኔ ላይ 12 ጫጩት ተፈለፈሉላት እንበል። ለመስቀል ስትቆጥር 8 አገኘች። (ለፋሲካ ልል ነበር፤ ግን ያን ቀን ምሳሌዬ ራሱ ይታረዳል።) ጎረቤት «ስንቱ ተረፈልሽ?» ቢላት «ስምንቱ» ትላለች። አንዱ ብድግ ብሎ «አሃ፣ ጫጩት የሚኖረው እስከ መስቀል ነው ማለት ነዋ!» ቢልስ? ቡናውን ሳይጨርስ ነው የምትሸኘው። ስምንቱ እኮ መስቀልን ተሻግረዋል። ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ እንደሚኖሩ ቆጠራው ምንም አላለም።

ደግሞ በተቃራኒው የሚሳሳትም አለ። ጥፋቱ የቃላችን ይመስለኛል። ሰርቫይቫልን «የመዳን መጠን» ብለን ተረጎምነው። በአማርኛ «ዳነ» ማለት ከሞት ተረፈም፣ በሽታው ለቀቀውም ነው። ቆጠራው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በ5ኛው ዓመት በሽታው ተመልሶበት መድኃኒት ላይ ያለ ሰውም በሕይወት አለ ተብሎ ይቆጠራል። በሕይወት ያለውን፣ በሽታውም ያልተመለሰበትን ብቻ ለይተን ስንቆጥር ሌላ ስም፣ ሌላ ቁጥር ነው። የመድኃኒት ጥናቶች ብዙ ጊዜ ይህን ሁለተኛውን በ3 ዓመት ነው የሚያወጡት። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሚሰጠው መድኃኒት ላይ ኦክሳሊፕላቲን የሚባል ሌላ የካንሰር መድኃኒት የተጨመረላቸው ሰዎች በ3 ዓመት ከ100 ወደ 78ቱ በሽታው ሳይመለስባቸው ነበሩ፤ ያልተጨመረላቸው ወደ 73። እንግዲህ ያ ሰውዬ ይህን ቢያነብ «3 ዓመት ሰጧቸው» ሊል ነው።

«ታዲያ ለምን 5? ለምን 7 አልሆነም?» ብሎ ጽፏል ደግሞ፣ የያዘኝ መስሎት። ጥሩ ጥያቄ ነው። የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የሚመለስ ከሆነ ቶሎ ነው የሚመለሰው። ከሚመለሱት ከ10 ስምንቱ ያህል በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ይታያሉ። ከ5 ዓመት በኋላ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ቀጠሮው የሚበዛው፤ ሲኢኤ የሚባለው የደም ምርመራ፣ ሲቲ ስካን፣ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) እየተባለ ሰው ይሰለቻል፣ ከዚያ እየራቀ ይሄዳል። እሱ የሞት ቀን ያደረገው ቀን እኮ እኛ እፎይ የምንልበት ቀን ነው!

«የአንጀት ካንሰር» ብሎ አንድ ቁጥር መጥራትም ራሱ ችግር ነው። በአሜሪካ መዝገብ በሽታው ከአንጀቱ ሳይወጣ ከተገኘባቸው 100 ሰዎች በ5 ዓመት በሕይወት ያሉት 90 ያህል ናቸው። አጠገቡ ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች ከደረሰ ከ70 ትንሽ ይበልጣል። ጉበት ወይም ሳንባ የመሰለ ሩቅ ቦታ ከደረሰ ወደ 15 ይወርዳል። 90ም 15ም የአንድ በሽታ ቁጥር ናቸው። (ያልተጠየቅኩት ማስጠንቀቂያ፦ ደረጃው፣ ማለትም በሽታው የት ድረስ እንደሄደ የሚባለው ራሱ፣ የሚታመነው ከወጣው ሥጋ ላይ በቂ የሊምፍ ዕጢ ሲመረመር ነው። ልማዱ ቢያንስ 12 ነው። 4 ዕጢ ታይቶ «አልደረሰም» ቢባል እኔ ቆጣሪው ዓይኔን አጠባለሁ።)

ወደ ጫጩቶቹ ልመለስ፣ ገና አልለቀኳቸውም። ከጠፉት አራቱ ሁለቱን ፈንግል ገደላቸው፣ አንዷን ጭልፊት ወሰዳት። ፈንግል ምን ያህል ጎዳ ካልን ጭልፊቷን በፈንግል ላይ ማላከክ ልክ አይደለም፤ ጭልፊት ጤነኛውንም ትወስዳለች። የአንጀት ካንሰር ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ነው የሚይዘው፣ እነሱ ደግሞ በልብም በሌላም ይሞታሉ። ስለዚህ ከላይ የጠራኋቸው ቁጥሮች ካንሰር ከሌለባቸው የዕድሜ እኩዮቻቸው ጋር ተነጻጽረው የወጡ ናቸው። የጭልፊቷ ድርሻ ተቀንሷል።

አራተኛዋስ? እሷ አጥር ሾልካ ጎረቤት ግቢ ገባች። ትኑር ትሙት አናውቅም። የኔ ራስ ምታት ያለው እዚህ ጋ ነው። ከመተማ ወይም ከደባርቅ መጥቶ የታከመ ሰው ይመለሳል፣ ስልኩን ይቀይራል፣ አይገኝም። ካፕላንና ማየር የሚባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጡት ዘዴ እንዲህ ያለውን ሰው እስከታየበት ቀን ድረስ እንቆጥረዋለን። ጎበዝ ዘዴ ነው። ግን የጠፉት ይበልጥ የታመሙት ከሆኑ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ያምርብናል። እንደ እኛ ባለ አገር ስንቱ እንደጠፋ ሳይጠይቁ የሰርቫይቫል ጥናት ማንበብ ያሳስታል።

የአሜሪካውን ቁጥር እንዳለ ጎንደር አምጥቼ አልለጥፈውም። እዚህ ሰው በሰገራው ደም ሲያይ «ኪንታሮት ነው» ይልና ምሰሶ ላይ ወደተለጠፈው ስልክ ይደውላል፣ ወራት ያልፋሉ። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ፊንጢጣ ላይ ለሚወጣው ካንሰር ደግሞ ጨረር ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል። ግን ቁጥሩ ዝቅ ቢል እንኳ ዝቅ የሚለው ከ100 የሚቆመው ሰው ብዛት ነው። አሁንም የማንም ቀን አልተቆረጠም።

ሌላም አለ። 5 ዓመት ለመቁጠር 5 ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናነበው ቁጥር የትናንት ታካሚዎች ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቢል ሂልድ እ.ኤ.አ. በ1982 ካንሰር የያዘውን ፊንጢጣ ከከበበው ስብ ጋር አብሮ፣ የስቡ ሽፋን ሳይቀደድ ማውጣትን ሲያስተዋውቅ በሽታው እዚያው ቦታ ላይ መመለሱ በጣም ቀነሰ። በዚያ ዘመን የድሮውን ሠንጠረዥ ይዞ ለአዲስ ታካሚ የተናገረ ሰው ለሌላ ሰው የወጣ ቁጥር ነበር የሚያወራው።

የባጃጇ እናት ማራኪ ሳንደርስ ወረዱ። እንዲህ ብያቸው ቢሆን እላለሁ፦ «እማማ፣ ማንም 5 ዓመት አልሰጠውም። ሐኪሙን ስንተኛ ደረጃ ነው፣ ስንት የሊምፍ ዕጢ ተመረመረ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው ብለው ይጠይቁት። ቀጠሮውን ደግሞ አያስቀሩት፣ ስልኩንም አይቀይር።» የመጨረሻዋ ለእኔ ሥራ ነች።