ስድስት ኪሎ፦ ንግግርና ግጥም የሚሰማበት ግቢ

አንድ ወዳጅዎ «ነገ ስድስት ኪሎ ፕሮግራም አለ፣ አትቀርም?» ካለዎት ስለ ክፍል ትምህርት እያወራ አይደለም። ወይ መጽሐፍ ይመረቃል፣ ወይ ግጥም ይነበባል፣ ወይ ጥናት ይቀርባል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉ ዝግጅቶች የግቢው ኑሮ አካል ከሆኑ ቆይተዋል። አንዳንዶቹ ከክፍል ትምህርቱ በላይ ስማቸው ቀርቷል። (ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ሌላ ሲሆን እ.ኤ.አ. ብዬ እጽፋለሁ።)

ከቦታው እንጀምር። ዋናው ግቢ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው። የዚያን ቀን ግቢው ውስጥ ምጽዋት ሊቀበል የተጠራ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ከሕንጻው ፊት ለፊት ዛሬም የቆመው ደረጃ ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ ጫፉ ላይ በኋላ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። በታህሳስ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደግሞ ባለሥልጣናት ታግተው የተገደሉት በዚሁ ቤተ መንግሥት «አረንጓዴው ሳሎን» ውስጥ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። በታህሳስ 1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተመረቀ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተባለው በደርግ ጊዜ ነው።

ንግግሩና ግጥሙ ግን ከስድስት ኪሎ በፊት አራት ኪሎ ላይ ጀምሯል። በ1943 ማስተማር የጀመረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ «የኮሌጅ ቀን» የሚባል ዓመታዊ በዓል ነበረው። ስፖርት አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ የግጥም ውድድር አለ። ንጉሡ ራሳቸው እየመጡ ከፊት ይቀመጡ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ የሚነበበው ውዳሴና ምክር ቢጤ ነው፤ ቅኔ የለመደ ጆሮ የሚወደው ዓይነት። በ1953 ነገሩ ተለወጠ። የታህሳሱ ግርግር ካለፈ ገና ወራት ነው። ታምሩ ፈይሳ የሚባል ተማሪ «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥም ይዞ ቀረበ። ርዕሱ ብቻ ብዙ ይናገራል። ግጥሙ ከኮሌጁ አጥር ወጥቶ የከተማው መነጋገሪያ ሆነ። በቀጣዮቹ ዓመታት ግጥሞቹ እየከረሩ ሄዱ፣ ከትምህርት የታገዱ ገጣሚዎችም ነበሩ።

እኔ ስለ ግቢ ዝግጅቶች ሳስብ ሁሌ የሚመጣልኝ ያ መድረክ ነው። አንባቢው ተማሪ፣ አድማጩ ንጉሥ። ሰምና ወርቅ ለምን እንደተፈጠረ የሚገባን እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ወርቁን ሁሉም ሰምቶታል፣ ሁሉም ሰሙን የሰማ መስሎ ያጨበጭባል። የተማሪዎቹ ድፍረት ሰሙን እየቀነሱ መሄዳቸው ነበር።

ግቢው ከግጥም ሌላ ለሙዚቃም ውለታ ውሎለታል። እ.ኤ.አ. በ1963 ገደማ ግብፅ የተወለደው አሜሪካዊ የሙዚቃ ሰው ሃሊም ኤል ዳብህ በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ አንድ ላይ ተቀምጠው እንዲጫወቱ ማድረግ ዛሬ ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን አዲስ ነገር ነበር። አዝማሪው ብቻውን ነው የሚዞረው፤ በገናው የጾም መሣሪያ ነው፤ እምቢልታው የሥርዓትና የክብር ነው። ሁሉንም በአንድ መድረክ ያስቀመጠው ዩኒቨርሲቲ መሆኑ የሚገርም አይደለም፤ ባለቤት የሌለው መድረክ የት ይገኛል?

ሁሉም ዝግጅት ግን በጭብጨባ አላለቀም። በመጋቢት 1960 ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ የምዕራባውያን ልብስ የሚታይበት የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ተማሪዎቹ «ባህላችንን መናቅ ነው» ብለው ተቃወሙ። ሊያይ የመጣውን እንግዳ በጩኸት ተቀበሉት። ፖሊስ ገባ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ትምህርትም ለጊዜው ተቋረጠ። አንድ የልብስ ትርዒት ይህን ያህል ያመጣል ብሎ ያሰበ የነበረ አይመስለኝም። ዛሬ በየካምፓሱ ጂሲዎች (ተመራቂ ተማሪዎች) ከለር ዴይና ከልቸር ዴይ ሲያከብሩ ሳይ ያ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ከአብዮቱ በኋላ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውን ወደ ገጠር ሲልከው ግቢው ለሁለት ዓመት ያህል ጭር አለ። ከተመለሱ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። የባህል ማዕከሉ፣ የቴአትር ትምህርት ክፍሉና የሥነ ጽሑፍ መምህራኑ የግጥም ንባቡንና ቴአትሩን አላቋረጡም።

አሁን በግቢው የሚዘጋጀውን በጥቅሉ ለሁለት መክፈል ይቻላል። አንዱ የምሁራን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዚህ ረገድ ቀዳሚ ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ተቋሙ የሚገኘው በቤተ መንግሥቱ ሕንጻ ውስጥ ነው፣ ሙዚየሙን የሚጎበኝ ሰው የንጉሡን መኝታ ክፍል ያያል። ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1959 ሮም ላይ ተጀምሮ በ1966 ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ መጣ። ከዚያ ወዲህ እንደ ኪዮቶና ሃምቡርግ ያሉ ከተሞችን እየዞረ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛው የጥበብ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሲመረቁ ኮንሰርት ያቀርባሉ። የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ሥራቸውን ለዕይታ ይሰቅላሉ። የቴአትር ተማሪዎችም መመረቂያ ቴአትር አላቸው። ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ከጀርመን የተመለሱ የሠዓሊውን ሥራዎች ይዟል፣ ኤግዚቢሽንና ውይይትም ያዘጋጃል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በነፃ የሚታዩ ናቸው። ከተማው ግን ብዙም አያውቃቸውም፣ ያሳዝናል።

የንግግር ዝግጅት አካሄዱ የታወቀ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ከተባለ 8፡40 ይጀመራል። ባነር ይሰቀላል። የክፍሉ ኃላፊ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል፣ ከእሱ በላይ ያለው ደግሞ «በይፋ ተከፍቷል» ይላል። ጥናት አቅራቢው በ20 ደቂቃ እንዲጨርስ ተነግሮት 50 ደቂቃ ይወስዳል። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ማብራሪያው ግማሽ በግማሽ።

ከዚያ «መድረኩ ክፍት ነው» ይባላል። አዳራሹ የሚነቃው ያኔ ነው። ቋንቋው ወደ አማርኛ ይዞራል፣ ድምፁም ይሞቃል። ከኋላ አንድ ጎልማሳ ይነሳሉ፦ «ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ።» አወያዩ ሰዓቱን ያያል። አስተያየቱ ከአክሱም ይነሳና ወደ ዛሬ ሲደርስ ማይኩን የሚቀበል ልጅ አጠገባቸው ቆሟል። እንስቃለን፣ ግን እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ከጥናቱ የሚበልጠውን የሰማሁት ከእንዲህ ያሉ ሰዎች ነው። ዘመኑን የኖሩት እነሱ ናቸው። አቅራቢው በመዝገብ ያገኘውን እሳቸው በዓይናቸው አይተውታል።

ችግሩ እኚህ ሰው እንዴት ገቡ የሚለው ነው። «ሕዝባዊ ንግግር» የተባለ ዝግጅት በር ላይ ሕዝቡን የሚያስቆምበት ጊዜ አለ። እኔ አንድ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ የጥሪ ማስታወቂያውን በስልኬ እያሳየሁ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ። ጥበቃው ትሑት ሰው ነው፣ «ስምህ ዝርዝሩ ላይ የለም ወንድሜ» ብቻ ይለኛል። ሁሉም እንዲመጣ ለተጠራ ዝግጅት ምን ዝርዝር እንደሚያስፈልግ አልገባኝም። ከፊሉ የግጥም ታዳሚ ወደ ከተማ የወጣው አንድም በዚህ ይመስለኛል። ሆቴሎች ውስጥ ግጥም በጃዝ ታጅቦ ሲቀርብ መግቢያ ተከፍሎ ወንበር ይሞላል፤ ግቢው ውስጥ በነፃ የሚነበበውን ግን የሚሰሙት በአብዛኛው የክፍል ጓደኞች ናቸው።

ለመሄድ ካሰቡ መታወቂያ ይያዙ። የአዳራሹን ስም ቀድመው ይጠይቁ፣ ምክንያቱም «ስድስት ኪሎ ግቢ» የሚል አድራሻ ብቻ ይዞ የገባ ሰው ብዙ ይዞራል። ጥያቄ ካለዎት ከመተላለፊያው ዳር ይቀመጡ፣ ማይኩ እዚያ ቶሎ ይደርሳል። ሻይ ቡናው እስኪያልቅ ደግሞ አይውጡ። በስብሰባው ያልተነሳው ጥያቄ የሚነሳው ሲኒ ተይዞ ነው።