አባሪ ፋይል ማገድ ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ የግዥ ክፍል ጠዋት ኢሜይሉን ሲከፍት «የጨረታ ሰነድ.ፒዲኤፍ» የሚል ፋይል ተያይዞ መጣለት እንበል። ምልክቱም የፒዲኤፍ ነው። ሙሉ ስሙ ግን «የጨረታ ሰነድ.ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ» ነው፤ ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች (በፋይል ስም መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ተጽፈው የፋይሉን ዓይነት የሚናገሩ ፊደላት) ስለሚደብቅ የመጨረሻዋ ቁራጭ አትታይም። ሁለቴ ሲጫኑት የሚነሳው ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ነው።

አባሪ ማገድ እንዲህ ያለውን ፋይል ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርስ በዓይነቱ ለይቶ ማስቀረት ነው። አንቲቫይረስ በዋናነት የሚይዘው መለያ ምልክቱን ቀድሞ የሚያውቀውን ቫይረስ ስለሆነ ትናንት የተሠራ ሊያመልጠው ይችላል። ማገጃው ቫይረስ ኖረበት አልኖረበት አይጨነቅም፤ ሲከፈት ትእዛዝ የሚያስፈጽም ዓይነት ከሆነ በቃ አያሳልፍም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ የገባው በዚሁ በተደበቀ ቅጥያ ነበር፤ እውነተኛ ዓይነቱ ቪቢኤስ፣ ማለትም ሲከፈት ትእዛዝ የሚያስፈጽም ፋይል ነው።

ጂሜይል ትእዛዝ አስፈጻሚ የሆኑትን ኢኤክስኢ፣ ባት፣ ቪቢኤስ፣ ኤስሲአር የመሳሰሉትን ያግዳል፤ ከየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጄኤስንም ጨምሯል። ዚፕ (ፋይሎችን በአንድ የሚያጠቃልል ፋይል) ውስጥ ቢጠቀለሉም ያያቸዋል።

አስቸጋሪው በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዚፕ ነው። ማገጃው ውስጡን ከፍቶ ማየት አይችልም፤ ላኪው ደግሞ «ቃሉ 1234 ነው» ብሎ እዚያው መልእክት ላይ ይጽፈዋል። ምሥጢር ሊጠብቅ የፈለገ ሰው ቁልፉን ከሳጥኑ ጋር አይልክም! የራሱ የኢሜይል አድራሻ ያለው መሥሪያ ቤት ከማይታወቅ ላኪ የሚመጡ የተቆለፉ ፋይሎችን፣ እንዲሁም ማክሮ (ሰነድ ውስጥ ተቀምጦ ትእዛዝ የሚያስፈጽም ትንሽ ፕሮግራም) ያላቸውን የዎርድና የኤክሴል ፋይሎች ማገድ ይገባዋል። ይታገዱ ስንል ግን ይጥፉ ማለታችን አይደለም፤ ለብቻቸው ይቆዩና አንድ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው በየቀኑ ይያቸው። አለበለዚያ የእውነተኛ ተጫራች ሰነድ እዚያው ተቀብሮ ቀኑ ያልፍበታል።

የታገደን ፋይል ስሙን ቀይሮ ወይም ቆልፎ እንደገና ላኩልኝ ማለት ግን ማገጃውን ማፍረስ ነው። መጀመሪያ ላኪውን ቀድሞ በሚታወቅ ስልኩ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከወረዳ ወደ ዞን ብዙ ፋይል የሚሄደው በፍላሽና በቴሌግራም ስለሆነ የኢሜይል ማገጃ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ቅጥያው እንዲታይ ይደረግ፦ ዊንዶውስ 11 ላይ ፋይል ኤክስፕሎረርን ከፍቶ «ቪው»፣ «ሾው»፣ ከዚያ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» ላይ ምልክት ማድረግ ነው።