አቻ ለአቻ የትራፊክ ደህንነት፦ ታዳጊ አሽከርካሪዎች እርስ በርስ የሚተራረሙባቸው መርሃ ግብሮች

አቻ ለአቻ የትራፊክ ደህንነት መርሃ ግብር የሚባለው፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይም በወጣት ማዕከል ውስጥ ያሉ ታዳጊዎች ራሳቸው አቅደው፣ ራሳቸው መርተው፣ ውጤቱንም ራሳቸው ለክተው የእኩዮቻቸውን አነዳድ ለማረም የሚሠሩበት እንቅስቃሴ ነው። አዋቂ አይጠፋበትም። አማካሪ መምህር አለ፤ አንዳንዴም የትራፊክ ፖሊስ ወይም የድንገተኛ ክፍል ነርስ ይጨመራል። ሆኖም መድረክ ላይ የሚቆመውም፣ በር ላይ ቆሞ የሚቆጥረውም፣ ፖስተሩን የሚጽፈውም ተማሪ ነው። ነገሩ ለይስሙላ ከሆነ፣ ማለትም መምህሩ የጻፈውን ተማሪው ወጥቶ የሚያነብ ከሆነ፣ ታዳሚው ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይነቃበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ ትራፊክ አደጋ ነው። በአሜሪካ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ አሽከርካሪዎች፣ በሚነዱት ርቀት ልክ ሲሰላ፣ ገዳይ አደጋ ውስጥ የመግባት ዕድላቸው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የልምድ ማነስ ነው፤ አዲስ ሾፌር ዓይኑን ከመኪናው አፍንጫ ሥር ተክሎ ስለሚነዳ ከሩቅ የሚመጣውን አይቃኝም። ሌላው ምክንያት ግን አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው፤ የአቻ ለአቻ ሥራ ሁሉ መነሻም እሱ ነው።

የአሜሪካው ትሪፕል ኤ የትራፊክ ደህንነት ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት፣ ዕድሜው 16 ወይም 17 የሆነ ሾፌር ከ21 ዓመት በታች የሆነ አንድ ተሳፋሪ ሲጭን ለእያንዳንዱ ማይል የሚሰላው የመሞት ዕድሉ በ44 በመቶ ይጨምራል። ሁለት ሲሆኑ እጥፍ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ አራት እጥፍ ይሆናል። ዕድሜው 35 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው አብሮ ሲሳፈር ደግሞ በ62 በመቶ ይቀንሳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሙከራ 306 ሰዎች በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ ተጫውተዋል፤ ታዳጊዎቹ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ብቻቸውን ከነበሩበት ጊዜ ይበልጥ ሲዳፈሩ፣ በአዋቂዎቹ ላይ ግን የጓደኛ መኖር ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። እኩያ እግርን ቤንዚን ላይ ማስጫን ከቻለ ማስነሳትም ይችላል የሚለው ግምት የሚደገፈው በዚህ ነው። ግምቱ አሳማኝ ነው፤ የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ አፈጻጸሙ ላይ ነው።

አመጣጡ

በስፋት ከሚታወቁት ቀደምት መርሃ ግብሮች አንዱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 በማሳቹሴትስ፣ ዌይላንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎች በመኪና አደጋ ከሞቱ በኋላ ሮበርት አናስታስ የተባለው መምህር ከተማሪዎቹ ጋር በእንግሊዝኛ አጽሕሮቱ ሳድ የተሰኘውን ጠጥቶ ማሽከርከርን የሚቃወም የተማሪዎች ማኅበር መሠረተ። የማኅበሩ ዋና መሣሪያ ፖስተር ሳይሆን ወላጅና ልጅ የሚፈራረሙት ውል ነበር፦ ልጁ ጠጥቶ ላይነዳ፣ ከጠጣ ሾፌርም ጋር ላይሳፈር፤ ወላጁ ደግሞ በየትኛውም ሰዓት ሲደወልለት መጥቶ ሊወስደው፣ በዚያች ሌሊትም ላይቆጣው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1997 አጽሕሮቱን ሳይለውጥ ዓላማውን ወደ ሌሎች አጥፊ ውሳኔዎችም አሰፋ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የትራንስፖርት ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ለታዳጊዎች ብቻ የተሰናዳ መርሃ ግብር ጀመሩ። ይኼኛው መጠጥን ብቻ አልያዘም፤ የሌሊት ጉዞን፣ ፍጥነትን፣ ትኩረት ማጣትንና ቀበቶ አለማሰርንም አብሮ ያዘ። በዓለም ደረጃ የወጣቶች የመንገድ ደህንነት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2007 ጄኔቫ ላይ ሲካሄድ፣ ከዚያ የተነሳው ዩርስ የተባለ ድርጅት በ2009 ተቋቋመ።

ከእነዚህ ጎን ለጎን የሚሄደው ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ መንጃ ፈቃድ ነው። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987፣ በአሜሪካ ደግሞ ፍሎሪዳ በ1996 ጀምረውታል። ጀማሪው መጀመሪያ መንጃ ፈቃድ ካለው አዋቂ ጋር ይነዳል፤ ቀጥሎ ብቻውን፣ ግን የሌሊት ጉዞና የተሳፋሪ ቁጥር እንደየአገሩ ሕግ ተገድቦበት፤ በመጨረሻ ሙሉ ፈቃድ ይይዛል። ሕጉ ባለበት አገር የአቻ ክበብ ሥራ ይቀላል፤ «እናቴ አይፈቅዱልኝም» ከማለት «ፈቃዴን ይነጥቁኛል» ማለት ለጎረምሳ አፍ ይቀለዋል።

ቡድኑ

ከ6 እስከ 10 አባላት ይበቃሉ። የተለመደው ስህተት ጎበዝ ተማሪዎችን ብቻ መልቀም ነው። አንደኛ የወጣችው ልጅ ሪፖርቱን አሳምራ ትጽፋለች፤ መኪና ማቆሚያው ላይ የሚሰማው ግን ሌላ ልጅ ነው። ስለዚህ አባላት በመምህር ምርጫ ብቻ አይያዙም፦ ተማሪዎች በወረቀት «መኪና ውስጥ ምክሩን የምትሰሙት ማንን ነው?» ተብለው ይጠየቁና በተደጋጋሚ የተጠሩት ይጋበዛሉ። ከእነሱ መሃል በፍጥነት የሚታማ አንድ ሁለት ልጅ መኖሩ አይከፋም፤ እሱ ከተለወጠ ወሬው ራሱ ትምህርት ነው። ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ጋር ከታች ክፍል ቢያንስ ሦስት ይያዛሉ፤ አለበለዚያ ሰኔ ላይ ክበቡ ከተመራቂዎቹ ጋር ይመረቃል።

በር ላይ መቁጠር

ሥራው በንግግር አይጀምርም፣ በቆጠራ እንጂ። አንድ ትምህርት ቤት በዓመት የሚያጋጥመው ከባድ አደጋ፣ ደግነቱ፣ ጥቂት ስለሆነ መርሃ ግብሩ መሥራት አለመሥራቱን በአደጋ ቁጥር ማወቅ አይቻልም። የሚለካው ባህሪ ነው፤ ከሁሉም ቀላሉ ደግሞ ቀበቶ ነው።

ሁለት ተማሪዎች አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው፣ ከአስፋልቱ ውጪ፣ መኪናው ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ግቢ በሚታጠፍበት ቦታ ይቆማሉ። አንዱ እያየ ይጠራል፦ «ሾፌር አስሯል፣ ተሳፋሪ አላሰረም።» ሌላው ሦስት ዓምድ ባለው ቅጽ ላይ ጭረት ያደርጋል፦ ያሰረ፣ ያላሰረ፣ ያልታየ። ጥቁር መስታወት ወይም የፀሐይ ነጸብራቅ ከከለለው «ያልታየ» ውስጥ ይገባል፤ መገመት የለም። ቀበቶውን በብብቱ ሥር ወይም በጀርባው በኩል ያሳለፈ እንዳላሰረ ይቆጠራል። ታርጋ አይጻፍም፣ ስም አይያዝም፣ ለማንም አይነገርም፤ ይህ አንዴ ከፈረሰ ተማሪው ክበቡን የሰላይ ቤት ይለዋል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል።

ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጥንዶች ያንኑ 20 መኪና ለየብቻ ቆጥረው ያስተያያሉ። ከሁለት በላይ ከተለያዩ ያላሰረ ማለት ምን እንደሆነ እንደገና ይስማማሉ። ቆጠራው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባሉት ከ30 እስከ 45 ደቂቃዎች ውስጥ፣ ሳይነገር፣ ቢያንስ 100 ሾፌሮች እስኪሞሉ ይካሄዳል፤ ካልሞላ በማግስቱ ይቀጥላል። ከዘመቻው በኋላ፣ ከዚያም ከሁለት ወር በኋላ፣ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ይደገማል። የሁለት ወሩ ቆጠራ የሚዘለል ከሆነ የፊቱም ባይደረግ ይሻላል፤ የዘመቻ ሳምንት ላይ ቀበቶ የማያስር የለም።

ሒሳቡ ላይ ሁለት ነገር ይሳታል። በመቶኛው ሲሰላ ያልታዩት ከጠቅላላው ውስጥ ይወጣሉ፤ 62 ያሰሩ፣ 18 ያላሰሩ፣ 20 ያልታዩ ካሉ ውጤቱ 62 ሳይሆን 77.5 በመቶ ነው። ሁለተኛው፣ በ100 ሾፌር ቆጠራ ከ12 ወይም 13 የመቶኛ ነጥብ ያነሰ ልዩነት በአጋጣሚም ይመጣልና፣ ከ70 ወደ 75 ወጣን ብሎ ኬክ መቁረስ አይገባም።

ቁጥሩ ለማስታወቂያ ሲውልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ታዳጊ ብዙውን ጊዜ የጓደኞቹን ጥፋት አብዝቶ ይገምታል። «ከ10 ተማሪ 8ቱ ያስራል» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ያንን ግምት ይሰብራል። ግን ቆጠራው 52 በመቶ ካመጣ ይህን መለጠፍ «ግማሹ አያስርም፣ አንተም ተወው» እንደ ማለት ነው። ያኔ የሚለጠፈው፣ ካለ፣ ጭማሪው ብቻ ነው።

ተሳፋሪው ምን ይበል?

ብዙ ክበብ ለሾፌሩ ሲሰብክ ይውላል፤ ተሳፋሪውን ማሠልጠን ግን የበለጠ ያዋጣል። ሾፌር ስህተቱን አይሰማም፣ ተሳፋሪ ግን ፍርሃቱን ይሰማዋል፤ የሚጎድለው ቃል ነው።

ልምምዱ ሞተሩ በጠፋ፣ በቆመ መኪና ውስጥ ይደረጋል። አንዱ ሾፌር ይሆናል፣ አንዱ ከጎኑ፣ ሁለት ከኋላ፤ ከኋላ ያሉት «ንዳው እንጂ!» እያሉ እንዲገፋፉ ይታዘዛሉ። ተሳፋሪው ቀላሉን ይሞክራል፦ «ስልኩን አምጣው፣ እኔ ልጻፍልህ።» ካልሠራ ጥፋቱን ወደ ራሱ ያዞራል፦ «ቀስ በልማ፣ ሊያስመልሰኝ ነው።» እሱም ካልሠራ፦ «እዚህ ጋ አውርደኝ።» «ሕገ ወጥ ነው»፣ «ትሞታለህ» የሚሉት ግን በልምምዱ አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋሉ፤ ከኋላ ሳቅ ይነሳል፣ ሾፌሩም ለሳቁ ይነዳል። መምህሩ ይህን ከሚነግራቸው ሁለቴ ተጫውተው ቢያዩት ይሻላል። ለሌሊት ደግሞ ከቤተሰብ ጋር የሚስማሙበት አንድ ተራ ቃል ያስፈልጋል፤ ቃሉ በመልዕክት ሲደርስ ወላጁ ደውሎ «አሁኑኑ ና» ይላል፣ ልጁም በጓደኞቹ ፊት አይዋረድም።

ርቀትን ለማስረዳት ሜዳው ይበቃል። 100 ሜትር የሚደርስ ሜትርና ኖራ ይያዛል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሾፌር አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር ሄዷል፤ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በ80 ይኸው ድምር ከ45 ወደ 69 ሜትር ያህል ይዘልቃል። ሁለቱም መስመሮች ይሰመሩና በ45ኛው ሜትር ላይ የመጻሕፍት ቦርሳ ይቀመጣል፤ በ60 ቦርሳው ጫፍ ላይ የቆመው መኪና በ80 አልፎት ሄዷል። ከዚያ በ80 እየነዱ ለ5 ሰከንድ ስልክ ማየት 111 ሜትር መሆኑ ይነገርና፣ ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክንዱን ጓደኛው ይዞት፣ ያንን ያህል ይራመዳል። አብዛኛው ከመጨረሱ በፊት ዓይኑን ይገልጣል።

የማይሠሩት

የተጨፈለቀ መኪና በር ላይ ማቆም፣ በቀይ ቀለም የተነከረ የአደጋ ድራማ፣ የሬሳ ፎቶ፦ ለአዘጋጁ የሠራ ይመስለዋል፤ ልጆች ያለቅሳሉና። ድንጋጤው ግን በቀናት ውስጥ ይበናል፤ ባህሪን በዘላቂነት ለመለወጥ ፍርሃት ብቻውን ደካማ መሣሪያ ነው። ወንድም ወይም እህት በአደጋ ያጣ ተማሪ አዳራሹ ውስጥ እንዳለም ይዘነጋል። ማሳየት ግድ ከሆነ አስቀድሞ ይነገራል፣ መውጣት የፈለገም ያለ ጥያቄ ይወጣል።

ስካርን የሚያስመስል መነፅር አድርጎ በመስመር መሄድ ከሳቅ በቀር የሚተርፈው የለም፤ ይባስ ብሎ ሳይደናቀፍ የጨረሰው ልጅ «እኔስ እችላለሁ» ብሎ ይሄዳል። መነፅሩ የእግርን ሚዛን ያናጋል፣ መጠጥ ቀድሞ የሚወስደውን ማመዛዘን ግን አይነካም። የመንሸራተት ሥልጠናም ተመሳሳይ ነው። ኖርዌይ የግዴታ ካደረገችው በኋላ ወጣት ወንዶች ላይ አደጋ እንደጨመረ ታይቷል፤ መንሸራተትን መቆጣጠር የተማረ የመሰለው፣ የሚያንሸራትተውን መንገድ በፍጥነት ይገባበታላ። አዲስ መርሃ ግብር ውድድርና ትዕይንት ያለበት የመኪና ሜዳ ሥልጠና ይዞ ሲመጣ አማካሪው መጠርጠር ያለበት ለዚህ ነው።

ቃል ኪዳን ማስፈረምም ብቻውን ትርጉም የለውም። «በጥንቃቄ እነዳለሁ» የሚለው ላይ ሁሉም ይፈርማል። «መኪና ውስጥ ስገባ፣ ቁልፉን ከማዞሬ በፊት፣ ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ከኋላ ወንበር አስቀምጣለሁ» የሚለው ግን ሰዓቱም፣ ድርጊቱም፣ ቦታውም ስላለው የመያዝ ዕድል አለው።

የዓመቱ አካሄድ

የመጀመሪያው ወር ለምልመላና ለአንድ ወይም ሁለት ቀን ሥልጠና፣ ሁለተኛው ለቆጠራ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በወር አንድ ርዕስ ብቻ፦ ቀበቶ፣ ስልክ፣ ተሳፋሪ፣ ፍጥነት፣ እንቅልፍና ሌሊት፣ መጠጥ። ሁሉን በአንድ ሳምንት የሚጨርስ ክበብ በቀረው ዓመት የለም። መጠጡ ከምረቃና ከበዓል ሰሞን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይያዛል፤ በበዓሉ ማግስት የሚደረግ ዘመቻ ለማንም አይጠቅምም። እንቅልፍ ከፈተና ሰሞን ጋር ይሄዳል።

ወጪው ከሚታሰበው ያነሰ ነው፦ ሁለት ሰደርያ፣ ሜትር፣ ኖራ፣ ወረቀትና ማርከር። ከገንዘብ ይልቅ የሚያጥረው የአማካሪው ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ነፃ ያልተደረገለት መምህር በሦስተኛው ወር ይደክመዋል። ርክክቡ የሚደረገው በዓመቱ አጋማሽ ነው፤ የታች ክፍል ተማሪዎች ሁለተኛውን ቆጠራ ራሳቸው ይመራሉ፣ ነባሮቹ አጠገባቸው ቆመው ያያሉ። የቆጠራ ቅጾቹ፣ ጭረቶቹ እንዳሉ፣ በአንድ ክላሰር ተጠርዘው አማካሪው ዘንድ ይቀመጣሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት ቡድን ሲቆጥር የሚያወዳድረው ከእነሱ ጋር ነውና።