የአሜሪካ ቅድመ ምርጫ ለማን ክፍት ነው?

በአሜሪካ ብዙ ሰው የሚከታተለው የኖቬምበሩን ምርጫ ነው። ከዚያ በፊት ግን ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ አለ፤ ማን ይሳተፍ የሚለውም ከግዛት ግዛት ይለያያል። የሜሪላንድ ነዋሪ የዴሞክራቶችን ወይም የሪፐብሊካኖችን ዕጩ ለመምረጥ አስቀድሞ በዚያው ፓርቲ ስም መመዝገብ አለበት። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ጎረቤት ግዛት ቨርጂኒያ ግን በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም፤ መራጩ በአንዱ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ብቻ ይሳተፋል እንጂ የትኛው የሚለው የራሱ ምርጫ ነው።

በቅድመ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት የሚወጣው ሕዝብ ጥቂት ነው፤ እሱም በአብዛኛው የፓርቲው ጽኑ ደጋፊ። ስለዚህ ተወዳዳሪው መጀመሪያ የሚናገረው እነርሱን ለማስደሰት ነው፤ ካለፈ በኋላ ወደ መሃል ጠጋ ይላል። አንድ ፓርቲ በገነነበት ወረዳ ግን መጠጋትም አያሻውም፤ ነገሩ በቅድመ ምርጫው አልቋል። በ2014 በተወካዮች ምክር ቤት የሪፐብሊካኖች የአብላጫ መሪ የነበሩት ኤሪክ ካንተር ቨርጂኒያ ላይ የተሸነፉት በዴሞክራት አልነበረም፤ ከራሳቸው ፓርቲ በተነሳ፣ ብዙም በማይታወቅ የኢኮኖሚክስ መምህር ነበር።

ሜሪላንድ ያላችሁ አዲስ ዜጎች፣ ስትመዘገቡ ፓርቲ ሳትመርጡ ካለፋችሁ፣ ወሳኙ ፉክክር ያለእናንተ ሊያልቅ ይችላል።