የባሕር ሥር ቴሌግራፍ ኬብል፦ አሠራሩ፣ አዘረጋጉና ጥገናው

በየብስ ላይ ቴሌግራፍ ለመዘርጋት ምሰሶ ተክሎ ሽቦ መወጠር ይበቃል። ባሕር ውስጥ ግን ራቁቱን የገባ ሽቦ ኤሌክትሪኩን ለውሃው ያስረክባል። መላ የተገኘው ከጉታፐርቻ ነው። ይህ በማላያና በአካባቢው ደሴቶች ከሚበቅል ዛፍ የሚወጣ ወተት ነው። ሙቅ ውሃ ሲነካው እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። የጥርስ ሐኪሞች ዛሬም ይጠቀሙበታል።

ኬብሉ የሚሠራው በአብዛኛው ለንደን ውስጥ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ነበር። ለአትላንቲክ ሰባት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ይገመዱና በጉታፐርቻ ደጋግመው ይለበጣሉ። ቀጥሎ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይፈተሻል። ፍተሻውን ካለፈ በቃጫ ይጠቀለላል፤ ከላይ የብረት ሽቦ ይጠመጠምበታል። ማዕበልና መልሕቅ የሚያሰጋው የዳርቻው ክፍል ከሌላው ይወፍራል።

በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው የባሕር ወሽመጥ፣ በእንግሊዝ ቻናል፣ የመጀመሪያው ኬብል የተዘረጋው በነሐሴ 1850 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጎልያድ በተባለች መርከብ ነው። የብረት ልብስ አልነበረውም፤ በማግስቱ ዝም አለ። አንድ ፈረንሳዊ ዓሣ አጥማጅ ጎትቶ ቆረጠው ይባላል። በ1851 የተዘረጋው ባለ ብረት ኬብል ግን ሠራ።

የ1858ቱ የአትላንቲክ ኬብል ታሪክ ብዙ ተጽፎበታል። አጋሜምኖንና ናያጋራ የተባሉ መርከቦች ውቅያኖሱ መሃል ተገናኝተው ጫፎቹን ቀጠሉ፤ ከዚያ አንዷ ወደ አየርላንድ፣ ሌላዋ ወደ ኒውፋውንድላንድ አመሩ። የንግሥት ቪክቶሪያ 98 ቃላት ለመተላለፍ 16 ሰዓት ፈጁ። ኬብሉ አንድ ወር እንኳ በቅጡ ሳያገለግል ሞተ። ብዙዎች ጥፋቱን 2,000 ቮልት ገደማ በለቀቀበት በኩባንያው የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ በዋይልድማን ዋይትሃውስ ላይ ይጭናሉ። ኬብሉ ግን ሲጀመርም ጤነኛ አልነበረም።

የኛው ጎረቤት ቀይ ባሕር ግን በብዙ ጽሑፍ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ ይህ አይገባውም። በ1859 ከስዊዝ በቁሴርና በሱአኪን አድርጎ እስከ ኤደን፣ ከዚያም በ1860 እስከ ካራቺ ኬብል ተዘረጋ። ችግሩ በጣም ተወጥሮ መዘርጋቱ ነው። ወለሉ ወጣ ገባ ስለሆነ ከጉብታ ጉብታ ተንጠልጥሎ ቀረ። የባሕር ፍጥረታት ተጣብቀውበት ከበደና ተበጠሰ። ከዳር እስከ ዳር አንድም መልእክት አላለፈበትም። የእንግሊዝ መንግሥት ዋስ ሆኖ ስለነበር፣ ለሞተ ኬብል በየዓመቱ 36,000 ፓውንድ ሲከፍል ኖረ። ለኔ ከአትላንቲኩ ይልቅ ትምህርት የሰጠው ይሄኛው ነው፦ ኬብል ረገብ ተደርጎ መለቀቅ አለበት።

ከመርከቧ የሚለቀቀውን ኬብል የሚቆጣጠሩት ኬብሉ በሚዞርበት ከበሮና በፍሬን ነው። ፍሬኑ ከጠበቀ ኬብሉ ይበጠሳል፤ በ1857 በመጀመሪያው የአትላንቲክ ሙከራ የሆነው ይኸው ነው። ከላላ ደግሞ ውድ ኬብል በከንቱ ይፈስሳል።

ሲበላሽስ? በመጀመሪያ ከየብስ ሆነው የሽቦውን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ይለካሉ፤ ከሱ የብልሽቱ ርቀት ይሰላል። መርከቧ ቦታው ስትደርስ ባለ ብዙ ጥርስ ሜንጦ ወደ ወለሉ ትጥላለች፤ የኬብሉንም መስመር እያቋረጠች ትጎትታለች። የገመዱ ውጥረት ሲጨምር የሆነ ነገር ተይዟል ማለት ነው። ድንጋይም ሊሆን ይችላል። ኬብሉ ከወጣ ይቆረጥና ሁለቱም ወገን ይፈተሻል፤ ደህናው ጫፍ በተንሳፋፊ ምልክት ላይ ይታሰራል። ኬብል የሚቀጥለው ባለሙያ መዳቡን ይበይዳል፤ ጉታፐርቻውን በመብራት እሳት እያሞቀ በጣቱ ይለብጣል። አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ።

ታላቁ ጥገና የግሬት ኢስተርን ነው። 211 ሜትር የምትረዝመው ይህች መርከብ በ1865 ሌላ የአትላንቲክ ኬብል ከግማሽ በላይ ዘርግታ ሳለች ተበጠሰባት። ከ4 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ደጋግመው ቢይዙትም የመጎተቻው ገመድ ከዳቸው። በሐምሌ 1866 አዲስ ኬብል አድርሳ ተመለሰችና የጠፋውንም አወጣችው። ጫፉን ወደ ሙከራ ክፍሉ አስገብተው ከአየርላንድ ጋር ሲነጋገሩ፣ ዓመት ሙሉ ባሕር ወለል ላይ የተኛው ሽቦ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ቀሪውን ቀጥለው ኒውፋውንድላንድ አደረሱት። በ1870 ይህችው መርከብ ከቦምቤይ እስከ ኤደን ዘረጋች፤ በቀይ ባሕር በኩልም እስከ ስዊዝ ያለው መስመር በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ።