ፍትሐዊ የውክልና ግዴታ ምንድን ነው? የአሜሪካ አብራሪዎች ማኅበርና የጡረታ ዕድሜ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 2007 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የፈረሙት ሕግ የአሜሪካ አየር መንገድ አብራሪዎች መብረር የሚያቆሙበትን ዕድሜ ከ60 ወደ 65 ከፍ አደረገው። በዚያው ሳምንት 60 ዓመት የሞላቸው ሁለት ካፒቴኖች ነበሩ እንበል። የአንደኛው ልደት ከፊርማው አንድ ቀን ቀድሞ በመዋሉ ሥራውን አስረክቦ ወጥቷል፤ ልመለስ ቢል እንኳ ሕጉ የሚፈቅድለት የቀድሞ አገልግሎቱ ሳይቆጠርለት እንደ አዲስ ተቀጣሪ ብቻ ነው። የሁለተኛው ልደት ከፊርማው በማግስቱ በመዋሉ በያዘው ወንበር ላይ አምስት ዓመት ተጨመረለት። ሁለቱም ለአንድ ማኅበር መዋጮ ሲከፍሉ፣ በአንድ የኅብረት ስምምነት ሲተዳደሩ ኖረዋል። ማኅበሩ ለሁለቱም በታማኝነት ቆሟል ወይስ አልቆመም የሚለው የሚመዘንበት የሕግ መለኪያ በአሜሪካ የሠራተኛ ሕግ «ፍትሐዊ የውክልና ግዴታ» ይባላል።

ግዴታው የሚመነጨው ለማኅበሩ ከተሰጠው ሥልጣን ነው። የአሜሪካ አየር መንገዶች የሚተዳደሩት በ1926 ለባቡር ሠራተኞች በወጣውና በ1936 አየር መንገዶችን እንዲጨምር በተደረገው ሕግ ሲሆን፣ በዚህ ሕግ መሠረት አብዛኛው አብራሪ የመረጠው ማኅበር የሁሉም ብቸኛ ተደራዳሪ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አንድ አብራሪ ለብቻው ሄዶ ስለ ደመወዙ ወይም ስለ በረራ ሰዓቱ ከአሠሪው ጋር ልደራደር ማለት አይችልም። አፉን ለሌላ ያዋሰ ሰው ያ ሌላው በቅን ልቦና እንዲናገርለት የመጠየቅ መብት ሊኖረው ይገባል፤ ግዴታው አባል ላልሆነው አብራሪም ጭምር የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ግን በሕጉ ውስጥ በግልጽ አልተጻፈም። በ1944 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሕጉ መንፈስ ተርጉሞ ያወጣው ነው፤ ጉዳዩም ከአውሮፕላን ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ቤስተር ዊልያም ስቲል የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በአላባማ በእንፋሎት ባቡር ምድጃ ላይ ይሠራ ነበር። የሚወክለው ማኅበር ጥቁሮችን በአባልነት አይቀበልም፤ በስማቸው ግን ይደራደራል፤ ተደራድሮም ጥቁር ሠራተኞችን ከሥራ መደባቸው ቀስ በቀስ የሚያስወጣ ስምምነት ፈረመ። ፍርድ ቤቱ ሕግ ብቸኛ ወኪል ያደረገው ማኅበር የሚወክላቸውን ሰዎች በዘር ለይቶ ሊበድል አይችልም ሲል ወሰነ። ዛሬ ስለ አብራሪዎች ጡረታ በሚነሣ ክርክር የሚጠቀሰው መርህ የተወለደው ከዚህ ሰው አቤቱታ ነው፤ ይህን መርሳት ተገቢ አይመስለኝም።

ግዴታው ማኅበሩን ሁሉንም አባል እኩል ተጠቃሚ እንዲያደርግ አያስገድደውም። በ1983 በአንድ አየር መንገድ አድማ መትተው ሥራ ያቆሙ አብራሪዎች፣ ALPA በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአሜሪካ አየር መንገድ አብራሪዎች ማኅበር አድማውን ለማብቃት የተዋዋለው ስምምነት ጭራሽ እጅ ከመስጠት የከፋ ነው ብለው ከሰሱት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991 በሙሉ ድምፅ ለማኅበሩ ፈረደ። ማኅበር ግዴታውን ጣሰ የሚባለው ውሳኔው በዘፈቀደ የተደረገ፣ አድሎ ያለበት ወይም ክፉ ልቦና ያደረበት ሲሆን ነው፤ ከዚህ በመለስ ተደራዳሪው ሰፊ የመወሰን ነፃነት አለው። በጊዜው የተሻለ መስሎ የታየ ውሳኔ ኋላ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ብቻውን አያስጠይቅም።

የጡረታ ዕድሜ ይህን መርህ ክፉኛ የሚፈትነው በአብራሪዎች ሕይወት ውስጥ ሁሉም ነገር በአንድ ዝርዝር ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። በየአየር መንገዱ እያንዳንዱ አብራሪ በተቀጠረበት ቀን ቅደም ተከተል ቁጥር አለው። የትኛውን አውሮፕላን እንደሚያበር፣ መቼ ከረዳት አብራሪነት ወደ ካፒቴንነት እንደሚያድግ፣ ለበዓል ቤቱ ይዋል ወይስ በሌላ ከተማ ሆቴል ይደር፣ የሚወስነው ያ ቁጥር ነው። ከላይ ያለው ሰው ጡረታ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ሁሉ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከላይ ላለው ካፒቴን የሚጨመር አምስት ዓመት፣ በቀኝ ወንበር ተቀምጦ ተራውን ለሚጠብቀው ረዳት አብራሪ የሚዘገይ አምስት ዓመት ይሆናል። ለአንዱ ሳይጎድል ለሌላው የሚተርፍ ነገር የለም፤ ሁለቱም ደግሞ የማኅበሩ ልጆች ናቸው።

የማኅበሩ አቋም ሲገለባበጥ የኖረውም ስለዚህ ነው። የ60 ዓመት ገደብ በ1959 ወጥቶ በማርች 1960 ሥራ ላይ ሲውል፣ በ1931 ቺካጎ ውስጥ የተመሠረተው ይኸው ማኅበር ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተከራክሮ ተረታ። በ1980 ገደማ ግን ዞሮ የገደቡ ደጋፊ ሆነ፤ በ60 ዓመት ጠቀም ያለ ጡረታ ይዞ መውጣት ለአብዛኛው አባል ጥሩ ነበርና። ከሴፕቴምበር 2001 የሽብር ጥቃት በኋላ አየር መንገዶች ሲከስሩ ግን ያ ሒሳብ ፈረሰ። የዩናይትድና የዴልታ አብራሪዎችን ጨምሮ የብዙዎች ጡረታ ተቋርጦ ወደ መንግሥት የጡረታ ዋስትና ድርጅት ተዛወረ። የድርጅቱ ከፍተኛ ክፍያ ደግሞ የሚሰላው በ65 ዓመት ነው፤ ቀድሞ የወጣ ሰው የሚያገኘው ይቀነሳል። መንግሥት በ60 ዓመቱ አትበር ብሎ ያስወጣውን ሰው፣ መንግሥት ራሱ ቀድመህ ወጥተሃል ብሎ ይቀንስበታል ማለት ነው። በበኩሌ ከዚህ ታሪክ ሁሉ እጅግ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው።

በኖቬምበር 2006 ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ ገደቡን 65 አደረገ፤ በጃንዋሪ 2007 የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም ያንኑ እከተላለሁ አለ። ማኅበሩ በሜይ 2007 ተቃውሞውን አንሥቶ በሕጉ ይዘት ላይ ተጽዕኖ ወደ ማሳደር ዞረ። ሕጉ ቀድመው 60 የሞላቸውን ወደ ዝርዝሩ አለመመለሱ ለታችኞቹ አብራሪዎች ጥበቃ ሲሆን፣ ለወጡት ግን በር መዝጋት ነበር። ከወጡት መካከል ለፍርድ ቤት ያመለከቱ ነበሩ፤ በ2013 በዋሽንግተን የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ አይጋጭም ሲል አቤቱታቸውን ሳይቀበል ቀረ። እኔ የማኅበሩን ውሳኔ ሕጋዊ ብቻ ሳይሆን አስተዋይነት ያለበትም አድርጌ አየዋለሁ፤ የማይቀረውን ለውጥ ከውጭ ሆኖ ከመርገም ገብቶ መቅረጽ ይሻላል። ያም ሆኖ ዋጋውን የከፈሉት ጥቂቶች መሆናቸው አይካድም።

ያው ክርክር ዛሬ በ67 ዓመት ላይ ቀጥሏል። የተወካዮች ምክር ቤት በጁላይ 2023 ዕድሜውን 67 የሚያደርግ አንቀጽ ያለበትን ረቂቅ አሳለፈ፤ በፌብሩዋሪ 2024 ግን የሴኔቱ ኮሚቴ ይህን የዕድሜ ለውጥ በ14 ለ13 ድምፅ አልተቀበለውም፤ በሜይ 2024 የጸደቀው ሕግም 65ን ሳይነካ ተወው። ማኅበሩ ለውጡን ይቃወማል። ከምክንያቶቹ አንዱ የኢካኦ ገደብ 65 ሆኖ ሳለ አሜሪካ 67 ብትል፣ ትልልቆቹ ካፒቴኖች ከውቅያኖስ ማዶ በረራ ወርደው ወደ አገር ውስጥ መስመር ስለሚመለሱ፣ ለዚያም አዲስ ሥልጠና ስለሚያስፈልጋቸው፣ ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች ይናወጣል የሚል ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚበር አንባቢም የሚሳፈረው ይኸው ዓለም አቀፍ ገደብ በሚሠራበት መስመር ነው።

እንግዲህ ዛሬ 64 ዓመት የሞላው የማኅበሩ አባል የሆነ ካፒቴን፣ ማኅበሩ 67ን እንዲደግፍ በፍርድ ቤት ሊያስገድደው አይችልም፤ የአብዛኛውን ጥቅም መዝኖ የተያዘ አቋም በሰፊው የመወሰን ነፃነት ክልል ውስጥ ይወድቃልና። ሊጠይቅ የሚችለው በመጨረሻው ዓመት ከደመወዙ የተቆረጠ ወይም ከበረራ መርሐ ግብሩ ያላግባብ የተነሣበት ነገር ሲኖር፣ አቤቱታው በ30 ዓመቱ ረዳት አብራሪ አቤቱታ ልክ እንዲመረመርለትና ሊወጣ ነው ተብሎ በመሳቢያ ውስጥ እንዳይቀርበት ነው።