ዩፒኤስ ሲገዛ የሚያሳስቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዩፒኤስ ካለኝ መብራት ቢጠፋም ሥራዬን እቀጥላለሁ።» ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በውስጡ ባለው ባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዕቃ) ለመግዛት ብዙ ሰው ወደ ገበያ የሚወጣው ይህን ይዞ ነው፤ በኋላ የሚያዝነውም በዚሁ ነው። ለቤት የሚሸጠው የተለመደው ባለ 650 ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ዩፒኤስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) የሆነ አንድ ባትሪ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 84 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ኮምፒውተሩ ከነስክሪኑ 150 ዋት የሚወስድ ከሆነ በስሌት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚያሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን የሊድ (እርሳስ) ባትሪ ኃይሉ በፍጥነት ሲሳብ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ኃይሉ ወደ 220 ቮልት ሲለወጥም የሚባክን ስላለ፣ ባትሪው አዲስ ሆኖ እንኳ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢያቆይ ነው። ይህ ጊዜ የሚበቃው ፋይል ለማስቀመጥና ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ነው። መብራት ለሰዓታት በሚጠፋበት ሰፈር የሚሠራ ሰው ላፕቶፕ ወይም ትልቅ ባትሪ ያለው ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚለውጥ ዕቃ) ቢያስብ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ስሕተት ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን 650 እንደ ዋት መቁጠር ነው። ዕቃው የሚሸከመው ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ የተለጠፈውን የዋት መጠን ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ 360 ወይም 390 ይሆናል። ሻጩን «እስቲ ገልብጠው ያሳዩኝ» ማለት ነውር የለውም። ቪኤው ስለጨመረ ብቻም ጊዜው አይረዝምም፤ ቪኤ የሚናገረው ስለሚሸከመው ጭነት ሲሆን፣ የቆይታውን ጊዜ የሚወስነው በውስጡ ያለው ባትሪ ስለሆነ የባትሪውን አምፔር-ሰዓት ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ሶኬት እስካለው ድረስ ሁሉንም እሰካበታለሁ» የሚለው አመለካከት እኔንም አስከፍሎኛል። አንድ ቀን ደብዳቤ ለማተም ሌዘር ፕሪንተሩን ስከፍት ዩፒኤሱ ረጅም ጩኸት አሰምቶ ኮምፒውተሩን ጭምር አጠፋብኝ፤ መብራቱ ግን እንዳለ ነበር። ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀውን ክፍል ሲያሞቅ በቅጽበት ብዙ መቶ ዋት ስለሚስብ ከግድግዳው ሶኬት ላይ ብቻ ሊሰካ ይገባል። የዋይፋይ ሳጥን ግን ጥቂት ዋት ብቻ ስለሚወስድ ዩፒኤሱ ላይ ቢሰካ ጭነቱ አይሰማም።

ስታብላይዘር ያለው ሰው ዩፒኤስ አያስፈልገውም የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ስታብላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ ባትሪ የለውም።

ብዙዎች ዩፒኤሱ ማቆየት ሲሳነው ተበላሸ ብለው ይጥሉታል። እጅግ ብዙ ጊዜ ያረጀው ባትሪው ብቻ ነው። የሊድ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ሳይሰካ ለወራት መቀመጥም ይጎዳዋል። ተመሳሳዩን ገዝቶ መለወጥ ይቻላል። አሮጌው ባትሪ መርዛማ ሊድ ስላለበት ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም። በእሱ ፈንታ የመኪና ባትሪ ማገናኘት ግን አደገኛ ነው፤ የዩፒኤሱ ቻርጀር ለዚያ መጠን አልተሠራም፣ ባትሪውም ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል።

የባትሪውን ሁኔታ ለማወቅ በየጥቂት ወራት ሥራን ሁሉ አስቀምጦ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቅሎ ሰዓት መያዝ ይበቃል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከጠፋ ባትሪው መለወጥ አለበት።